ካሣዬ ከፍ ያደረጋት ላንድክሩዘር

የካሣዬ ፒክአፕ ላንድክሩዘር ዛሬ እንዲህ ተጎሳቁላ ትታይ እንጂ፣ በደጉ ዘመን ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ስሟ የተጠራ ነበረች። ጥሩምባዋ ገና ከሩቅ ሲሰማ ቡና ነጋዴውም ተሳፋሪውም «ካሣዬ መጣ!» ብሎ ከተቀመጠበት ይነሣ ነበር። ሚስቱን ማሚትን ያገኛትም በእሷው ነው። ከቴፒ ወደ ማሻ ሲኬድ ተገንጥላ ጫካ ውስጥ ካለች መንደር ቡና ሊያመጣ ሄዶ ሳለ፣ አንዲት ልጅ የማንንም እጅ ሳትይዝ ጎማውን ረግጣ ከኋላ ጉብ አለች። ካሣዬ በመስታወቱ አያት። በቃ፣ አለቀለት!

ያቺ ጉብ ያለች ልጅ ዛሬ ጉልበቷ አልታጠፍ ብሎ ታስቸግራለች። አንድ ነገር ብቻ ነው የምትመኘው፤ እንደ እናት ሆና ያሳደገቻትን ታላቅ እኅቷን የዓለምዘርፍን ማየት። የዓለምዘርፍ ደክማለች፣ ከግቢዋ አትወጣም። በስልክ ይነጋገራሉ። «ታዲያ ስልክ ይሳማል?» ትላለች ማሚት። «ሳንተያይ አንዳችን ብንሞትስ?»

ችግሩ መንገዱ ነው። ከዋናው መንገድ የሚገነጠለውን ጎዳና ከባድ መኪናና ዝናብ ተባብረው ቦይ አድርገውታል። ባለፈው ዓመት ሞክረው፣ የመኪናዋ ሆድ ከመንገዱ መሐል ባለው የጭቃ ክምር ላይ ተቀምጦ፣ በሰው ጉልበት ተገፍታ ወጣችና ተመለሱ። ማሚት እስከ ቤት ድረስ አለቀሰች። ካሣዬ ያን ዕለት እራት አልበላም። ስንቱን ገደል የወጣ ሹፌር በጭቃ ሲረታ፣ ያውም ሚስቱ እያየች!

ስለዚህ ጓደኛውን ሙሐመድኑርን ያዘ። ሙሐመድኑር ጋራዡን ለልጆቹ ቢለቅም እጁ ከግራሶ አልተላቀቀም።

«ከፍ እናድርጋት» አለው ካሣዬ።

«በአዲስ ዕቃ? የዕቃው ዋጋ መኪናህን ይገዛል እኮ፣ አንተ ሰውዬ!»

ከጋራዡ ጀርባ ሣር የበቀለበት የአይሱዙ ሬሳ አለ። ከእሱ ላይ ሸክሙን የሚችለውን ተደራራቢ ብረት፣ ባሌስትራውን፣ ፈተው አንዱን ብረት በልኩ ቆረጡና ከላንድክሩዘሯ ባሌስትራ ጋር ደርበው አሰሩት። ባሌስትራው ከመኪናዋ አጽም ከሻንሲው የሚንጠለጠልበትን ብረትም ረዘም አድርገው ሠሩ። በብረቶቹ መሐል የሚገባውን ላስቲክ ከአሮጌ ጎማ ቀደዱ፣ የፍሬኑንም ቱቦ እንዳይበጠስ በረዥም ቀየሩት። ሥራውን ሲሠሩ ስለ ድሮው መንገድ፣ ስለ ማጂ አቀበት፣ ስለ ሞቱት ሹፌሮች እያወሩ አንዳንዴ ይሥቃሉ፣ አንዳንዴ «ነፍስ ይማር» ይላሉ። ክሪኩን ሲያወርዱት መኪናዋ አዲስ ጫማ እንዳደረገ ሰው ቀጥ ብላ ቆመች።

«ዶሮ ከነጫጩቶቿ በሥሯ ታልፋለች!» አለ ሙሐመድኑር።

በጉዞው ቀን ካሣዬ እንደ ልማዱ መኪናዋን በኋላ ማርሽ አስጠግቶ ከደጃቸው የአፈር ክትር ጋር አገጣጠማት። ሚዛን ዳገት አይደለች? ማሚት ከክትሩ ላይ ከክፍል ወደ ክፍል እንደምታልፍ ሁሉ ተራምዳ ገባች። ፊት ወንበር ለጉልበቷ ስለማይመች ከኋላ በተነጠፈላት ፍራሽ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። ማንም ምንም አላሰበም።

ቴፒን አልፈው ተገነጠሉ። ዐምና የተቀረቀሩበት ቦታ ሲደርሱ ካሣዬ ማርሹን ቀነሰ። መኪናዋ ጭቃውን በሆዷ ሳትነካው አለፈች።

«አለፍን! አለፍን እኮ፣ ማሚትዬ!»

ከኋላ እልልታዋ ሲሰማ የካሣዬ ዓይን እንባ አቀረረ። ለአንድ አፍታ ሁለቱም ልጆች ነበሩ።

የየዓለምዘርፍ ግቢ ሜዳ ነው፤ መኪና የሚያስጠጉበት ክትር የለውም። እሷም በልጇ በአልአዛር ተደግፋ ወጣች። ካሣዬ የኋላውን በር ዘረጋው፣ ማሚት እየተንፏቀቀች ጫፉ ላይ ደረሰች፣ ወደ ታች አየች፣ ቀረች። እግሯ አየር ላይ ተንጠለጠለ። በርጩማ አመጡ፤ ጉልበቷ እምቢ አለ። አልአዛር ሊሸከማት እጁን ዘረጋ።

«ወዲያ በል! በሸክም የሚወርድ ሬሳ ነው። እንደ እናት ባሳደገችኝ እኅቴ ደጅ በሕይወቴ በሸክም አልገባም!»

ይህን ካለች አለች ነው፤ ካሣዬ ያውቃታል። የዓለምዘርፍ ከታች እጇን ብትሰድ የደረሰችው እኅቷ ጫማ ላይ ነው። ጫማውን ይዛ ማልቀስ ጀመረች።

የካሣዬ ፊት ዐመድ መሰለ። ጭቃውን ለክቷል፣ ድንጋዩን ለክቷል፤ የሚስቱን ጉልበት ማን ይለካለት ኖሯል? ዞር ሲል ግድግዳው ሥር የተደረደረውን የጀንፈል ቡና ጆንያ አየ።

«ጫኑ!» አለ።

«ወዴት ሊሄድ ነው?» አለ አልአዛር።

«የትም አይሄድም! ጫኑ አልኩ!»

ጎረቤቱ ተጠራርቶ በጎንና በጎን እያነሣ ከማሚት ጀርባ ይደረድር ጀመር። መኪናዋ ንቅንቅም አላለች። «ሙሐመድኑር፣ እጅህን ይቁረጠው! ምን አድርገህ ነው ያጠነከርከው?» አለ ካሣዬ፤ ያጠነከሩት አብረው መሆኑን ረስቶ። ጆንያው ሲደራረብ ግን ባሌስትራው አቃሰተ፣ የኋላዋም ቀስ እያለ ተኛ። ማሚት ወረደች፣ ደግሞ ወረደች። መጀመሪያ የዓለምዘርፍ ጉልበቷን ያዘች፣ ቀጥሎ እጇን፣ ከዚያ አንገቷን። የማሚት እግር መሬት ሲነካ ፊታቸው ገጥሞ ነበር።

«እንዲህ አርጅተሽብኛል?» አለች የዓለምዘርፍ፣ ጉንጯን እየዳሰሰች።

«አንቺስ፣ እቴቴ? መስታወት የለሽም?»

ሣቁም ልቅሶውም ተደባለቀ። ማሚት እኅቷን ተደግፋ በገዛ እግሯ ቆመች። ሰዉም ዓይኑን ጠረገ፤ አልአዛር ወደ ጆንያዎቹ ጠጋ አለ።

«እናውርደው አሁን?»

«እንዳትነካው!» አለች የዓለምዘርፍ፣ የማሚትን አንገት ሳትለቅ። «ከወረደ ካሣዬ ይዟት ይሄዳል። እስክጠግባት ቡናዬ እዚያው ይደር።»

ካሣዬ ቁልፉን ነቅሎ ለየዓለምዘርፍ ሰጣት።