የሰማያዊ ጭራቆች ስምሪት

መነጽር ሠሪው አማቱን ይፈራቸው ነበር፤ ደግሞ የሚፈራቸው እሱ ብቻ አልነበረም። እኚህ ሴት ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የከተማው አውቶቡሶች የስምሪት ኃላፊ ነበሩ። የትኛው መኪና በየትኛው መስመር እንደሚወጣ፣ ማን እንደሚነዳው የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ሾፌሮቹ በሌሉበት "ቀይ መብራት" ይሏቸዋል። ቀይ መብራት ግቢው ውስጥ ብቅ ሲሉ የሚያወራው ዝም ይላል፤ የሚያጨሰውም እሳቱን ሳያጠፋ ሲጋራውን ኪሱ ይከታል። መነጽር ሠሪው ልጃቸውን ለማግባት ቤታቸው የሄደ ዕለት ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ጸጉሩ አይተውት፣ "ሰዓት ታከብራለህ?" ብቻ ነበር ያሉት። አከብራለሁ አለ። ከዚያ ወዲህ በተገናኙ ቁጥር ያንኑ ጥያቄ ገና እየመለሰ ያለ ይመስለዋል።

ታዲያ እማማ ጉልበታቸውን ቀዶ ጥገና ተደረጉና ሐኪሙ ለጥቂት ወራት ደረጃ የሚባል ነገር እንዳይነኩ አዘዛቸው። ቤታቸው ደግሞ አሳንሰር የሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው።

"እማዬ እኛ ጋ ትሰነብታለች" አለች ሚስቱ።

"እሰየው! የትኛው ክፍል ይሁኑ?"

"ያንተ ክፍል ነዋ። ሌላ ምን ክፍል አለን?"

"ያንተ ክፍል" የምትለው አንድ ጠባብ ክፍል ናት፤ ግድግዳዋ ከላይ እስከ ታች መደርደሪያ ነው፣ መደርደሪያው ላይ ደግሞ ከእርሳስ ብረት የተሠሩ፣ ከአውራ ጣት የማይበልጡ ፍጥረታት ሠራዊት ቆሟል። ጦር የያዙ ድንክ ጭራቆች፣ ባለ ክንፍ ዘንዶዎች፣ የጸጉር ማድረቂያ የሚመስል የጨረር ጠመንጃ የታጠቁ የጠፈር ወታደሮች፣ አንድ ደግሞ ሱሪው የተቀደደ፣ በብብቱ በግ የያዘ ግዙፍ። ሁሉም የድሮ ናቸው። የሠራቸው ፋብሪካ ከተዘጋ ቆይቷል። መነጽር ሠሪው ከወጣትነቱ ጀምሮ ከአሮጌ ዕቃ ተራ፣ ከሚዘጉ ሱቆች፣ ከሰው መሳቢያ ጭምር እየለቀመ ያሰባሰባቸው ናቸው። በኮምፒውተር የሚሠሩት የዛሬዎቹ ሁሉም መልከ መልካም ናቸው፤ የድሮዎቹን ግን ሠሪያቸው እየሳቀ የቀረጻቸው ይመስላል። አንዱ አፍንጫው ከራሱ ይበልጣል፣ ሌላው የራስ ቁሩ ዓይኑ ላይ ወርዶበት የሚሄድበትን አያይም። እሱ የሚወዳቸው ለዚህ ነው። ማታ ማታ በቀጭን ብሩሽ ይቀባቸዋል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ጓደኛው፣ "ጀነራል" የሚባለው ጸጉር አስተካካይ፣ የራሱን ጦር በጫማ ካርቶን ይዞ ይመጣና ጠረጴዛ ላይ ይዋጋሉ። ጀነራልነቱን የሰጠው ማንም የለም፤ እሱው ራሱ ነው።

እማማ ከመምጣታቸው በፊት መነጽር ሠሪው ሠራዊቱን በሙሉ በካርቶን ከቶ አልጋው ሥር ደበቀ። ቀለሙንና ብሩሹን ግን የሚያስቀምጥበት አጥቶ እዚያው ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ተወው። ድብብቆሹ ሦስት ቀን አልሞላውም።

"ና እስቲ!" አሉ እማማ ከክፍሉ።

ገባ። ከዘራቸው ጫፍ ላይ የካርቶኑ ክዳን ተንጠልጥሏል፤ መዳፋቸው ላይ ያልተቀባ ድንክ ጭራቅ ቆሟል።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ምስል ነው፣ እማማ።"

"የማን?"

"የ... የእኔ።"

"ምን ታደርግበታለህ?"

"ቀለም እቀባቸዋለሁ። ከዚያ... እንዋጋለን።"

"ከማን ጋር?"

"ከጸጉር አስተካካዩ ጋር።"

እማማ ጭራቁን አገላብጠው አዩት፤ ከዚያ አማቻቸውን አዩት። "በዚህ ዕድሜያችሁ?" አሉ። መነጽር ሠሪው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ግን ካርቶኑን አልመለሱለትም።

ቀኖቹ ረዘሙባቸው። ልጃቸው ሥራ፣ አማቻቸው ሥራ፣ እሳቸው እግራቸውን ወንበር ላይ ሰቅለው የጎረቤት በር ሲከፈትና ሲዘጋ መስማት። ሰው ሲያሰማሩ ለኖሩ ሴት ይኼ እስር ቤት ነው። አንድ ቀን ታዲያ መነጽር ሠሪው ከሱቁ ሲመለስ የክፍሉ በር ገርበብ ብሏል፤ የቀለም ሽታ ይሸታል። አንገቱን አስግጎ ሲያይ እማማ መሳቢያውን ከፍተው፣ ፎጣ ታፋቸው ላይ ዘርግተው፣ ብሩሽ ይዘዋል። ፊት ለፊታቸው ስንት ዓመት ሲፈልጋቸው ኖሮ ያገኛቸው፣ ምን ዓይነት ቀለም ቢቀባቸው እንደሚያምሩ መወሰን አቅቶት እንደዚያው ያስቀመጣቸው ድንክ ጭራቆች ተሰልፈዋል። ሁሉም ሰማያዊ ሆነዋል። ወገባቸው ላይ ነጭ መስመር ዞሮላቸዋል። ጀርባቸው ላይ ቁጥር ተጽፏል።

በሩን ገፍቶ ገባ። "እማማ... ጭራቅ እኮ አረንጓዴ ነው።"

"ማን አለ?"

በእርግጥ ማን እንዳለ አያውቅም።

"የእኛ መኪኖች ሰማያዊ ነበሩ፣ ባለ ነጭ መስመር" አሉ እማማ። "ከሩቅ ስታያቸው ደስ ይላሉ።"

"ቁጥሩስ?"

"ቁጥር የሌለው ነገር ከእኔ ግቢ አይወጣም።"

መነጽር ሠሪው አንዱን አንስቶ በመብራት አየው። ሰማያዊው ወፍራም ቢሆንም ተስተካክሎ ተቀብቷል፣ ያምራል። ዓይኑ ግን... አንደኛው ዓይን ጆሮው ላይ ነው። ሌላኛውን አነሳ፤ የዚያኛው ሁለቱም ዓይኖች አገጩ ላይ ወርደዋል። ሥራው ዓይን ነውና ወዲያው ገባው፤ እማማ አያዩም። ሚስቱ እናቷን መነጽር እንድታደርግ ስትለምን ዓመታት ሆኗታል። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "የእኔ ዓይን ደህና ነው፣ ጽሑፉን ነው የሚያሳንሱት።"

ትንሽ አሰበና፣ "እማማ፣ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን መነጽር አለ" አለ። "ቀለም የሚቀባ ሰው ሁሉ ያደርገዋል። እኔም አለኝ።"

"ለቅብ ብቻ?"

"ለቅብ ብቻ።"

አንዱን ሰማያዊ ጭራቅ መደርደሪያው ላይ ጀርባውን አዙሮ አቆመው። "እስቲ ቁጥሩን ይንገሩኝ።"

"ራሴ የጻፍኩትን አላውቀውም ልትል ነው?"

"ለልኬቱ ነው።"

አገጫቸውን ወደ ፊት ገፋ፣ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ቆዩ። "አራት" አሉ። ዘጠኝ ነበር። መነጽር ሠሪው ጭራቁን ወደ ሰልፉ መለሰው። በማግሥቱ የመለኪያ ሳጥኑን ከሱቅ ይዞ መጥቶ በደንብ ለካቸው፤ ሌንሱንም በገዛ እጁ ሞረደው፣ ሌላውን ሥራ ሁሉ ወደ ጎን ትቶ።

መነጽሩን ያደረጉ ዕለት እማማ መጀመሪያ ጭራቆቹን አዩ። አንድ በአንድ አገላበጧቸው። "እነዚህን ልጆች ምን አድርጌያቸዋለሁ!" አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ቀና ብለው አማቻቸውን አዩት፤ ጠጋ ብለውም አዩት።

"አንተ! ሸብተሃል እንዴ?"

"ከሠርጋችን ዓመት ጀምሮ ነው፣ እማማ።"

እማማ ሳቁ። መነጽር ሠሪው አማቱ ሲስቁ ሰምቶ አያውቅም ነበር፤ እንደ ትንሽ ልጅ ነው የሚስቁት፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ አፋቸውን በፎጣው ሸፍነው። እሱም ሳቁ አመለጠው። የዚያን ዕለት ጎን ለጎን ቁጭ ብለው የጭራቆቹን ዓይን አንድ በአንድ ወደ ቦታው መለሱ። "ለቅብ ብቻ" የተባለው መነጽርም ከእንቅልፍ ሰዓት በቀር ከአፍንጫቸው ላይ ወርዶ አያውቅም።

ቅዳሜ ጀነራሉ መጣ። የምግብ ጠረጴዛው ላይ አረንጓዴ ብርድ ልብስ ተነጥፏል፤ ሥሩ መጻሕፍት ገብተው ኮረብታ ሆነዋል፤ የሚስቱ ሰማያዊ ሻርፕ ወንዝ፣ የአይስክሬም እንጨት ድልድይ። ጨዋታው ሲያልቅ ድልድዩን የያዘ ያሸንፋል። ጀነራሉ ብር የመሰሉ የጠፈር ወታደሮቹን ደረደረ፤ መሐላቸው እግር ያወጣ የውሃ ታንከር የሚመስል፣ አዛዡ ላዩ ላይ የተቀመጠበት ማሽን አለ።

"እሜቴ፣ እርስዎ እዚህ ሶፋው ላይ ሆነው ይመልከቱ" አለ።

"ማን ይመልከት አልክ?" አሉ እማማ፣ ወንበር ስበው እየተቀመጡ። "ሰማያዊዎቹ የእኔ ናቸው። አማቼ ረዳቴ ነው።"

ገና ከጅምሩ መነጽር ሠሪው ግራ ገባው። እማማ ግማሹን ጭራቅ ከኮረብታው ጀርባ አስቀርተው አያንቀሳቅሱትም። "እማማ፣ እነዚህስ?" ሲላቸው፣ "ሁሉም በአንዴ ከግቢ አይወጣም፣ አንዱ ቢበላሽ ማን ይተካዋል?" ይሉታል። ጀነራሉ በደስታ እጁን እያፋተገ ወደ ፊት ገሰገሰ። ተኮሰ፤ መምታት አለመምታቱን የሚወስኑትን ባለ ነጥብ ኩቦች፣ ዳይሶቹን፣ ወረወረ፤ ስድስት በስድስት ሆነ። ፊት መስመር ላይ የነበሩት ሰማያዊዎች ድርግም ብለው ረገፉ።

መነጽር ሠሪው ራሱን ይዞ ጮኸ፤ "እማማ፣ ሞቱ!"

ማድ ቤት ውስጥ የሆነ ነገር ወድቆ ተሰበረ። ሚስቱ እጇ ሳሙና እንደሆነ፣ እርጥብ ፎጣ እንደያዘች፣ ነጠላ ጫማዋን አንዱን ጥላ፣ "እማዬን! እማዬን!" እያለች ደረሰች። እማዬ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው በሜትር ርቀት እየለኩ ነው።

"ምን ሆነሻል?" አሉ ቀና ሳይሉ። "የሞቱት እነዚህ ፊት ያሉት ናቸው።"

ሚስቱ ወንበር ላይ ዘፍ አለች። መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥላ ሳቀች፣ ከዚያ ተነስታ ባሏን በፎጣው ጀርባውን ሾጥ አደረገችው። "እማማ ሞቱ ይባላል? እማማ ሞቱ!"

"ጭራቆቹን ነው እኮ ያልኩት!"

"እሺ" አለ ጀነራሉ ለማስታረቅ፣ "ከአሁን በኋላ 'ወደቁ' እንበል።"

"እማማ ወደቁ?" አለች ሚስቱ። "በዚህ ጉልበቷ?"

እማማ ሜትሩን አስቀመጡ። "ከመስመር ወጡ በሉ" አሉ። "በእኛ መሥሪያ ቤት እንደሱ ነው የሚባለው። በል አንተ፣ ጨዋታህን ቀጥል፣ ሰዓት እየሄደ ነው።"

ሚስቱ ወደ ማድ ቤት አልተመለሰችም። የተሰበረውን ሳህን ረስታ፣ ክርኗን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ቀረች።

ጀነራሉ ሲገሰግስ ጦሩ እንደ ገመድ ተጎትቶ ቀጥኖ ነበር። እማማ የሚጠብቁት ይህንኑ ኖሯል። "አሁን" አሉ፤ ከኮረብታው ጀርባ ያልደከሙት ሰማያዊዎች በቁጥራቸው ተራ እየተጠሩ ወጡ። መነጽር ሠሪው ያንቀሳቅሳቸዋል፤ እሳቸው ጣታቸውን ብቻ ይጠቁማሉ። የጠፈር ወታደሮቹ መሐላቸው ተቆረጠ። የቀረው ያ ባለ እግር ማሽን ነው፤ ድልድዩ ላይ ቆሟል፣ ፊት ለፊቱ ደግሞ ከእማማ ወገን የተሰለፈው፣ በግ የያዘው ግዙፍ።

ጀነራሉ ተነስቶ ቆመ። "በለው!" አለና ግዙፉን ተኮሰው። መታው። ግዙፉ ከመስመር ወጣ።

"ቆይ" አለ መነጽር ሠሪው፣ ድምፁ ቀጥኖ። "ግዙፍ ሲሞት ዝም ተብሎ ከጠረጴዛው አይነሳም። ይወድቃል። ወዴት እንደሚወድቅ ዳይስ ይወስናል።"

"አውቃለሁ፣ ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ" አለ ጀነራሉ። ዳይሱን ወረወረ። ዳይሱ ብርድ ልብሱ ላይ ተንከባለለ፣ ወንዙን ተሻገረ፣ ቆመ። አንድ። አንድ ማለት ወደ ፊት ነው።

ግዙፉ ከነበጉ ማሽኑ ላይ፣ አዛዡ ላይ ተዘረረ። ቀጥሎ ቁጥር ሰባት የተባለችው ሰማያዊ ጭራቅ በግዙፉ ጀርባ ላይ ተራምዳ ድልድዩ መሐል ቆመች።

ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ሚስቱ እጇን እያጨበጨበች ዘለለች። ጀነራሉ የወደቀውን ማሽን እያየ፣ "ራሴን በራሴ!" አለ፤ ከዚያ ተረከዙን ገጭ አድርጎ ለእማማ ሰላምታ ሰጠ። "ከዛሬ ጀምሮ ማዕረጌን ለቅቄያለሁ።"

"ሰባት ሰዓት ብለህ ሰባት ከሩብ ነው የመጣኸው" አሉ እማማ። "የተሸነፍከው ያኔ ነው።" ከዚያ ወደ መነጽር ሠሪው ዞሩ፤ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። "ስንት ረዳት አይቻለሁ። እንዳንተ ያለ አላጋጠመኝም።"

መነጽር ሠሪው ተነሳ። "ሻይ ላፍላ" ብሎ ወጣ፤ ማድ ቤት ገብቶ የተሰበረውን ሳህን እየለቀመ ብቻውን ፈገግ አለ።

ጉልበታቸው ዳነና እማማ ወደ ቤታቸው ሊመለሱ ተነሱ። መነጽር ሠሪው ሰማያዊዎቹን ሊሰጣቸው አስቦ ካርቶናቸውን ቢከፍት ባዶ ነው፤ ከልብሳቸው ጋር በሥርዓት ተጠቅልለው ሻንጣቸው ውስጥ ገብተዋል። እሱም አላነሳባቸውም።

ወሬው እንዴት እንደወጣ አይታወቅም። ብቻ ትንሽ ቆይቶ አንድ ጡረታ የወጣ ሾፌር ሊጠይቃቸው ሄደና ብሩሽ ይዞ ተቀመጠ፤ በሳምንቱ ሌላውን አስከትሎ መጣ። አሁን ቅዳሜ ጦርነቱ እማማ ቤት ነው። ሾፌሮቹ ዘንዶ ለመንዳት ይሻማሉ፤ ፊት ለፊታቸው "እመቤት"፣ ከኋላቸው እንደ ድሮው "ቀይ መብራት" ይሏቸዋል።

ባለፈው ቅዳሜ መነጽር ሠሪውና ጀነራሉ ካርቶኖቻቸውን ታቅፈው ደረጃውን ሲወጡ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ ከላይ የዳይስ ኳኳታ ተሰማ፤ የሽማግሎች ጭቅጭቅ ተከተለ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የእማማ ሳቅ።

"ጀምረዋል!" አለ መነጽር ሠሪው፤ ድካሙንም ረስቶ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወጣ።