የተራበ ከሰል

ዕድሜዬን ያሳጥረው፣ ከምነግራችሁ አንዲት ቃል ውሸት ብትሆን፣ በቆሎው ሳይደርስ ቢጫ ሆኗል፣ ከሩቅ ላየው ፀሐይ እዚያ ማሳ ላይ የፈሰሰች ይመስለዋል፣ ሰውየው መሃሉ ቆሞ ቅጠል ያገላብጣል፣ ውሃ በዝቶበት ይሆናል ይላል ለራሱ፣ አይ፣ ዘሩ ነው፣ ዘሩን የመረጥከው አንተ፣ ዝም በል።

የራሱ መሬት ቢሆን ኖሮ። የእህቱ ነው፣ የእትዬ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከነልጆቿ የምትበላው ከዚህችው ነው፣ አፈሩ ደከመብኝ ስትለው ደረቱን ነፍቶ እኔ እያለሁ አላት፣ የአንድ ሳምንት ሥልጠና ወስዶ አገር የሚያድን መስሎት፣ ባዮቻር ይባላል እትዬ፣ ጭራሮና አገዳ አፍኖ ማክሰል ነው፣ ደቆ አፈር ውስጥ ሲገባ ውሃም ምግብም ይዞ ያቆያል፣ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። አመነችው። ጭሱ ሰባት ሰፈር አስነጠሰ፣ ደመናው ራሱ ሳለ፣ ዶክተር ከሰል የሚል ስም ወጣለት፣ ወደደው።

አሠልጣኟ ግን አስጠንቅቃ ነበር። ከሰሉን በፍግ ውሃ ዘፍዝፉት፣ ጠግቦ ይግባ፣ ባዶውን ከገባ የአፈሩን ምግብ ለራሱ መጥጦ ሰብሉን ያስርበዋል። ሰምቷል፣ ራሱን ነቅንቋል፣ ከዚያ ዝናቡ ደረሰ፣ ፍጉም ይሸታል፣ ዶክተር ፍግ ይሸከማል እንዴ፣ ደግሞስ ምን ያመጣል፣ ይኸው። አመጣ።

እትዬ አካፋ ይዛ እየመጣች ነው፣ ጎረቤቷ ተከትላታለች፣ በሽታ ሳይገባበት አይቀርም ትላለች ጎረቤት፣ ወንድሜ ያውቃል ትላለች እትዬ፣ በድንጋይ ብትለው ይሻለው ነበር፣ ደግሞ የተረፈውን የከሰል ክምር እያየች፣ በል ተነስ፣ የቀረውንም ማሳ ዛሬ እናልብሰው። የቀረውን። ያ ከሄደ ምን ሊበሉ ነው፣ በሽታ ነው በላት፣ አንድ ቃል፣ ማን ያውቃል፣ ወንድሜ ያውቃል፣ ምላሱ ራሱ ከሰል ሆኗል፣

እትዬ፣ እኔ ነኝ። ሳልዘፈዝፍ ነው የበተንኩት። የበቆሎሽን ምግብ ከሰሉ እየበላው ነው።

ጎረቤት ሳል ያዛት። እትዬ በቆሎውን ታያለች፣ እሱን ታያለች።

ለልጆቼ ንገራቸው፣ አለች። አንተው ንገራቸው። ከዚያ በረቱን ጥረግ፣ ፍጉን ትዘፈዝፋለህ።

አካፋውን ሰጠችው፣ ፈገግ አለች።

እሺ፣ አንዲት ነገር ጨምሬያለሁ። ፈገግ አላለችም።