ያላገባች እናት

የአክስቴ ልጅ ዲድሪክ በየዓመቱ ካናዳ እየሄደ ቲማቲም ይለቅም ነበር። እዚህ ሜክሲኮ፣ ቺዋዋ ባለው የእምነት ወገኖቻችን ሰፈር ውስጥ፣ መሬት አልደረሰውም። ሚስቱ ከብዙ ዓመት በኋላ ሴት ልጅ ስትወልድለት፣ ሕፃኗን በእሱ የካናዳ ዜግነት አስመዝግቦ ሦስቱም ጠቅልለው ሊሄዱ አሰቡ። ኮሌጅ የገባሁት እኔ ስለሆንኩ ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

መልሱ የሕፃኗን ብቻ ሳይሆን የአባቷንም ዜግነት ጥያቄ ውስጥ የሚከት ሆነ። የዲድሪክ ወላጆች፣ አክስቴ ሳራና ባሏ ኢስብራንድ፣ ካናዳ ተወልደው በልጅነታቸው የመጡ ናቸው። የተጋቡት በቤተ ክርስቲያን ነው። ማዘጋጃ ቤት የፈረሙት ግን ዲድሪክ ከተወለደ በኋላ፣ አይብ ሊሸጡ ከተማ በወረዱበት ቀን ነው። እኛ ዘንድ ሁሉም እንዲህ ያደርግ ነበር። የካናዳ ሕግ ግን የሚያውቀው የማዘጋጃ ቤቱን ወረቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ዲድሪክ ከጋብቻ ውጭ እንደተወለደ ይቆጠራል፤ ዜግነት ከአባቱ አይወርስም። ከእናቱ መውረስ ይችላል፤ ያውም እሱ ሲወለድ ባል እንዳልነበራት ከፈረመች።

ይህን ምሳ ላይ ነገርኳቸው።

«ባል ካልነበረኝ፣» አለች ሳራ፣ «ሌሊቱን ሙሉ አጠገቤ ሲያንኮራፋ የነበረው ማን ነው ታዲያ?»

ዲድሪክ ሳቀ። ኢስብራንድ አልሳቀም። ሰባኪ ነው፤ ሳያገቡ የወለዱትን ጉባኤ ፊት አቁሞ የሚያናዝዛቸው እሱ ነው።

«አትፈርምም» አለ።

«አባባ፣ ለወረቀት ያህል እኮ ነው። እውነቱን እግዚአብሔር ያውቀዋል።»

«እሱ የሚያውቀውን በእጇ ትካድ? ራስህን ዲቃላ ልታስብል ነው?»

«ዲቃላው ሥራ ያገኛል። የሰባኪው ልጅ ምን አገኘ?»

ኢስብራንድ ላይ አልፈርድም። ለሌሎች ሴቶች የከለከለውን ለሚስቱ ቢፈቅድ በምን ዓይኑ ያያቸዋል?

ሳራ ወደ እኔ ዞረች። «ካልፈረምኩስ?»

«ሕፃኗ አትመዘገብም፣ አክስቴ። ዲድሪክም ከእንግዲህ ካናዳ አይገባም።»

እጇን በሽርጧ ጠረገች። «የቱ ጋ ነው?»

«እዚህ ጋ። በአባትዎ ስም ነው የሚፈርሙት፤ ያኔ እንዳላገቡ ስለሚቆጠር።»

ሳራ ፔነር ብላ ጻፈች፤ ቀስ ብላ፣ የሰው ስም እንደምትጽፍ። ኢስብራንድ የማሳረጊያውን ጸሎት ሳያደርስ ከገበታው ተነሳ።

ወረቀቱ ለመከር ደረሰ። ዲድሪክ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ሄደ። የጉባኤው ሽማግሌዎች የፊርማውን ወሬ ከሰሙ በኋላ ለሁለት ሰንበት መከሩ፤ ውሳኔያቸውንም ኢስብራንድ ራሱ ድምፁን ሳይለውጥ አነበበው። ሳራ ጥፋቷን እስክትናዘዝ ድረስ የጌታን እራት አትካፈልም።

«ምን አድርጌ ነው የምናዘዘው?» አለችኝ በር ላይ።

በቀጣዩ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከወንዶቹ መቀመጫ በኩል ሆኜ አየኋት። ሄዳ የተቀጡት የሚቀመጡበት የመጨረሻው አግዳሚ ጋ ቆመች። እዚያ የነበረችው አግኔታ ብቻዋን ነበረች፤ ሳታገባ በመውለዷ ከተቀጣች ሁለት ዓመቷ ነው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ሳራ አንድ ቀን እንኳ ሰላም ብላት አታውቅም።

አግኔታ ቀና ብላ አየቻት። አልተጠጋችላትም። አክስቴ በአግዳሚው ጫፍ በአንድ ጎኗ ተቀመጠች።