ሞተር ሁሉ የታመመበት ሳምንት

ጋራዡ ውስጥ ሰውየውን አባቱ ባወጣለት ስም የሚጠራው አልነበረም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተር ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አስደግፎ የሞተር በሽታ ሲያወጣ ስለኖረ ጋሽ ጆሮ ተብሎ ቀርቷል። ሌላው መካኒክ ፈታትቶ የሚያገኘውን እሱ ሳይፈታ ይናገራል። "ጋሽ ጆሮ ሰምቶታል" ከተባለ ነገሩ አለቀ፤ ይግባኝ የለውም።

ችግሩ ያ ጆሮ ከዓመት ወዲህ መድከሙ ነው። መጀመሪያ የበሩ ደወል ጠፋበት፤ ግድ አልሰጠውም። ቀጥሎ የሚስቱ ድምፅ ጠፋበት፤ እውነቱን ለመናገር እሱም ብዙ አልጎዳውም። ሞተር አናት ላይ የሚከፈት የሚዘጋው የቫልቭ ድምፅ ሲጠፋበት ግን ለሴት ልጁ ተናዘዘ። እሷም ሐኪም ቤት ወስዳ የባቄላ ፍሬ የምታክል የጆሮ መስሚያ አስገጠመችለት። እሱም ሰው እንዳያይበት የሱፍ ቆብ እስከ አንገቱ ደፋ። ቆርቆሮው ጣሪያ በፀሐይ ሲንጣጣ፣ ከስሩ ጋሽ ጆሮ በሱፍ ቆብ ላቡን ያንጠፈጥፋል። ለጠየቀው ሁሉ መልሱ "ብርድ መቶኝ ነው" የሚል ነው። እውነቱን ከሚስቱና ከልጁ በቀር የሚያውቅ የለም። እንዲታወቅም አይፈልግም። ጆሮው የሞተ ጋሽ ጆሮ ከዚያ በኋላ ምን ተብሎ ይጠራል?

መስሚያዋን ባደረገ በሳምንቱ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ አዋላጇ መጣች። ከወንዙ ማዶ ያሉት መንደሮች ለመኪና ስለማይመቹ የምትዞረው በባለ አራት ጎማ ሞተር ነው፤ እንደ ፈረስ የሚፈናጠጡት፣ ጎማው ድብልብል ያለ፣ ጭቃ የማይፈራ ሞተር። እሷ ግቢው ሳትደርስ ድምፁ ቀድሟት ገባ፦ ጠክ፣ ጠክ፣ ጠክ።

"ጋሼ፣ ይድረሱልኝ! ከትናንት ጀምሮ እንዲህ ይላል። ማዶ ሁለት ሴቶች ቀናቸው ገብቷል። በእግሬ ከሄድኩማ ልጆቹ ራሳቸው ወጥተው ነው የሚቀበሉኝ።"

"አይዞሽ ልጄ። አታጥፊው፣ በሚኒሞ ይሥራ።"

ነዳጅ ሳትሰጠው ሞተሩ ቀስ እያለ መሥራት ቀጠለ። ጋሽ ጆሮ ተንበረከከ። ካቻቢቴውን የሞተሩ ሆድ ላይ ተከለ፣ እጀታውን በቆቡ ስር አሾልኮ ጆሮው ላይ አስደገፈ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ጣ ጣ ጣ ጣ!

"እስኪ ነዳጅ ስጪው።"

አዋላጇ መስጫውን በአውራ ጣቷ ገፋ አደረገችው። ጣጣጣጣጣጣ!

ጋሽ ጆሮ መርዶ ነጋሪ መስሎ ተነሣ። "ቢየላ ነው" አለ።

"ቢየላ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ፒስተኑን ከታች ሆኖ የሚገፋው ክንድ ነዋ። መቀመጫው አልቋል። እንዲህ እያለ ብትነጂው፣ አንድ ቀን ክንዱ ሞተሩን በስቶ ይወጣና መንገድ ላይ ይጨብጥሻል። ሞተሩ ይወርዳል፣ ይከፈታል፣ ዕቃ ይታዘዛል። ሦስት ሳምንት በይው።"

"ሦስት ሳምንት? ጋሼ፣ ምጥ እኮ ቀጠሮ አያራዝምም!" ትንሽ አመነታችና "ደግሞ ድምፁ ከላይ በኩል አይደል እንዴ? ጉልበቴ ሥር ነው የሚሰማኝ" አለች።

"ልጄ፣ አንቺ ስታዋልጂ መጥቼ 'እግሩ ነው፣ ጭንቅላቱ ነው' ብዬሽ አውቃለሁ?"

አዋላጇ ቦርሳዋን ከፈተችና የፅንስ ልብ የምታዳምጥበትን የእንጨት ቀንድ አወጣች። "የእኔም እንጀራ ማዳመጥ ነው፤ አይቀየሙኝ" ብላ ሰፊውን አፍ ሞተሩ ላይ፣ ጠባቡን ጆሮዋ ላይ አድርጋ አጎነበሰች።

ጎረቤቱ ጎማ ለጣፊ ሥራውን ጥሎ አንገቱን በአጥሩ ላይ አሰገገ። "ሲስተር፣ ወንድ ነው ሴት?"

"ዝም በል እስቲ! ጋሼ፣ እዚህ ታች ሰላም ነው። እዚህ ላይ ነው የሚያንኳኳው።"

የጋሽ ጆሮ ደም ፊቱ ላይ ወጣ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ በእንጨት ቀንድ ቀርቶ በቃልም የተከራከረው ሰው አልነበረም። አፉን ሊከፍት ሲል ግቢው ውስጥ ካለው የመለዋወጫ መሸጫዋ መስኮት የሚስቱ ራስ ብቅ አለ።

"አንተ ሰውዬ፣ ቅዳሜ የወፍጮው ሞተር ምኑ ነበር የታመመው?"

"ቢየላው።"

"ትናንት የአትክልተኛውስ የውሃ መሳቢያ?"

"እሱም... ቢየላው።"

"የወፍጮው ሲከፈት ምን ተገኘ?"

"ገና ሳይብስበት ደረስንበት።"

"ደህና ነበር በላ! ምነው፣ ቢየላ ወረርሽኝ ገባበት?" አለችና ጠረጴዛዋ ላይ የሚሽከረከረውን ቬንትሌተር ከነገመዱ አንሥታ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው። "በል፣ ይህን ደግሞ ስማልኝ።"

"የቬንትሌተር ምኑ ይሰማል?"

"ፈራህ?"

ፈራህ ከተባለ ወዲያ መመለሻ የለም። ጋሽ ጆሮ ካቻቢቴውን ቬንትሌተሩ ላይ ተከለ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አስደገፈ። ጣ ጣ ጣ ጣ! የሠላሳ ዓመት ልማድ ነውና አፉ ከራሱ ቀደመ።

"ቢ..." አለና ዋጠው።

ቬንትሌተር ፒስተን የለውም። ፒስተን የሌለው ነገር ቢየላ ከየት ያመጣል?

አንዴ እጀታውን ላላ አደረገው፤ ድምፁ ጠፋ። አንዴ ጫን አደረገው፤ ጣ ጣ አለ። ያን ጊዜ ገባው። የሚንቀጠቀጠው እጀታ መስሚያዋን እየመታት ነው። ካቻቢቴውን ከት ከት ብላ በምትስቀው ሚስቱ ሆድ ላይ ቢተክለው፣ እሷም ቢየላዋ አልቋል ማለት ነው።

ሁሉም አፍ አፉን ያዩታል። "ቢየላ ነው ብያለሁ፣ ይወርዳል" ቢል እስከ ዛሬ ቃሉን የመለሰበት የለም፤ ስሙም ይተርፋል። አዋላጇ ግን ዓይኗን ወደ ወንዙ በኩል ጥላ ጣቷን ታፍተለትላለች። ጋሽ ጆሮ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ ነበር። አልተሰነጠቀችም። ቆቡን አወለቀ።

"ይኸውላችሁ" አለና መስሚያዋን ከጆሮው አውጥቶ በመዳፉ አሳያቸው። "ቢየላው ይህ ነው።"

ጎማ ለጣፊው ለመሳቅ የከፈተውን አፍ መዝጋት አቃተው። አዋላጇ አልሳቀችም። "አባቴም አለው" አለች። "እናቴ መናገር ስትጀምር ያጠፋዋል።"

ጋሽ ጆሮ ይህን አልሰማም። መስሚያዋን ደረት ኪሱ ከቷት ነበርና የሚያየው የሰዎቹን የከንፈር እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ሞተሩም ዝም ብሎ ይንቀጠቀጣል። ድንገት የጥንት አለቃው ትዝ አለው። መዶሻ በሚጮህበት ጋራዥ ጆሮ አልሠራ ሲል፣ ያ ሽማግሌ የካቻቢቴውን እጀታ ይነክስ ነበር።

ጋሽ ጆሮም ነከሰ።

ድምፁ በጥርሱ ገብቶ በመንጋጋው ወጣና ጭንቅላቱን ሞላው። ዓመት ሙሉ ተኳርፎ የቆየ ወዳጅ በር ከፍቶ የገባ ያህል ነበር። ታች፣ የሞተሩ ሆድ ጥጋበኛ ድመት መስሎ ያንኮራፋል። ካቻቢቴውን ወደ ላይ አመጣው፣ ወደ አዋላጇ ጉልበት። ጠክ፣ ጠክ፣ ጠክ።

"ፋልፍ!" አለ እጀታውን እንደነከሰ።

"ምን አለ?" አለች ሚስቱ።

ካቻቢቴውን ተፋው። "ቫልቭ! ክፍተቱ ሰፍቷል እንጂ ሞተሩ ደህና ነው። የሚወርድም የሚከፈትም የለም። ልጄ፣ አንቺ ነሽ ልክ።"

ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀ፤ እስከዚያው ጎማ ለጣፊውን ወደ አትክልተኛው ላከ፤ "ውሃ መሳቢያውን እንዳታስከፍት፣ ራሴ መጥቼ አየዋለሁ በልልኝ" አለው። ከዚያ የላይኛውን ክዳን ፈትቶ፣ ምላጭ በሚያካክሉ ስስ ብረቶች የቫልቩን ክፍተት ለካ፣ አጠበበ፣ መልሶ አሰረ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አዋላጇ ሞተሩን አስነሣች። ጠክ ጠኩ ጠፍቷል።

ጋሽ ጆሮ መስሚያዋን ጆሮው ላይ መለሳት፤ ቆቡን ግን ሚስማር ላይ ሰቀለው። ነፋስ አናቱን ሲነካው እፎይ አለ።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሽ ጆሮ!" አለች አዋላጇ ከበሩ እየወጣች።

"ጋሽ ጥርስ በይው እንጂ!" ብሎ ጮኸ ከመልእክቱ የተመለሰው ጎማ ለጣፊ።

ጋሽ ጆሮ እያንዳንዱን ቃል ጥርት አድርጎ ሰማ። በምላሱ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ዳሰሳቸው። ሁሉም አሉ፣ አንዱም አይነቃነቅም። እንግዲህ በዚህ ስም ጥቂት ዓመት ይሠራል።