ሲቀነስ ሦስት

እናቲቱን ያባነናት ብርዱ ነበር። ከሳሎን በኩል የመጣ ቀጭን ነፋስ እግሯን ነካት። እግሯን ሰብስባ ተመልሳ ልትተኛ ስትል፣ በር ካልተከፈተ ነፋሱ ከየት መጣ ብላ ዓይኗን ገለጠች። ከጎኗ ያለው የልጅቷ አልጋ ባዶ ነው። ብርድ ልብሱ በደንብ ተጣጥፎ ትራሱ ላይ ተቀምጧል። ቦርሳዋ ከተሰቀለበት የለም። ጫማዋም የለም። የውጭው በር ገርበብ ብሏል።

መታጠቢያ ቤቱን አየች፣ ወጥ ቤቱን አየች፣ ቁም ሳጥኑንም ከፈተች። የሰባት ዓመት ልጅ ቦርሳ አንግታ ቁም ሳጥን ውስጥ ምን ትሠራለች? ሰው ሲደነግጥ ግን የማይከፍተው ነገር የለም። ለባሏ ደወለች፤ አያነሳም። የሌሊት ጥበቃ ስለሆነ ስልኩን ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ነው ሥራ የሚጀምረው። ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች የሳሎኑ የግድግዳ ሰዓት መደወል ጀመረ። ከልጅነቷ ጀምሮ ስለለመደችው ሲደውል አትሰማውም ነበር። አሁን ሰማችው። ቀና ብላ ስታይ አጭሩ ዘንግ ልክ ትምህርት ቤት የሚገባበት ቁጥር ላይ ቆሟል።

የስልኳ ሰዓት ግን ትምህርት ቤት ለመግባት ገና ሦስት ሰዓት ይቀራል ይላል። የቱ ትክክል እንደሆነ ታውቃለች፤ ስልኩ የዚህ አገር ነው፣ ግድግዳው የዚያኛው።

ሰዓቱ የአባቷ ነበር። አባቷ ሰዓት ሠሪ ነበሩ፤ ሲሞቱ ከሥራቸው የተረፈው ቤት ተሰቅሎ የኖረው ይህ ባለ ደወል ሰዓት ብቻ ነው። ከአገር ስትወጣ ሻንጣው አልዘጋ ሲል የክረምት ካፖርቷን አውጥታ ሰዓቱን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ከተተችው። ባሏ እየሳቀ፣ ሰዓቱን ነው የምንለብሰው አላት። እዚህ ደርሰው ካፖርት የሚያስመኝ ብርድ ሲያገኛቸው ግን አልሳቀም። ግድግዳው ላይ ሲሰቅለው በዚህ አገር ሰዓት ሊሞላው እጁን ሲዘረጋ፣ "ተወው፤ እንዲሁ ይሁን" አለችው። እንዲሁ ሆነ፤ ሁለት ዓመት ሞላው።

ምክንያቷን ለሰው ብትናገር ይሳቅባታል ብላ ስለምትፈራ አትናገርም። ሰዓቱን ባየች ቁጥር ግን እናቷን ታያለች። አሁን እማማ ተነሳች፣ አሁን የጓሮውን በር ከፈተች፣ አሁን የአባባን ወንበር ፀሐይ ላይ አውጥታ ተቀመጠች። ሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ አንሶላ ስትተኩስ፣ በእንፋሎቱ መሃል የምትሄድበት አንድ ጓሮ አላት። እጇ እዚህ፣ እሷ እዚያ። አለቃዋ ጠርታት ሳትሰማ የቀረችበት ቀን ብዙ ነው።

ቤተሰቡ ለምዶታል። ሰዓቱን ያዩና ሦስት ይቀንሳሉ፣ አለቀ። የተቸገረው እንግዳ ነው። አንድ ቀን የወጥ ቤቱን ቧንቧ ሊጠግን የመጣ ሰው ድንገት ቀና ብሎ ሰዓቱን አየና እግሬ አውጪኝ ብሎ ወጣ። ቧንቧው እስከ ማግስቱ ሲያንጠባጥብ አደረ። ባሏ ይህን ለሰው ሲያወራ፣ ቤታችን እዚህ ነው፣ ግድግዳችን ግን ገና አልመጣም ይላል።

የረሱት አንድ ነገር ነበር። ልጅቷ ሰዓት ማንበብ የተማረችው በዚህ ሳምንት ነው። ትናንት ማታ እራት ላይ ሆና ሰዓቱን አየችና ጮክ ብላ አነበበች፤ እናትና አባት አጨበጨቡላት። መቀነስ እንዳለባት የነገራት የለም።

እናቲቱ በሌሊት ልብሷ ላይ የባሏን ጃኬት ደረበች፤ እግሯ የገባበት ነጠላ ጫማም የባሏ ነበር። ደረጃውን እየተንደረደረች ወረደች። ውጭ ጉም ወርዷል። የመንገዱ መብራቶች በጉሙ ውስጥ ተንጠልጥለው፣ ከሥራቸው ምሰሶ ያለ አይመስልም። መኪና የለም፣ ሰው የለም። ነጠላ ጫማው እየሰፋት ጧ ጧ ይላል፤ ድምፁ ከኋላዋ የምትከተል ሌላ ሴት ያለች ያስመስላል። ይህ የማየው ሕልም ከሆነ እዚህ ላይ ልንቃ ብላ ለመነች። ልጇ ይህን መንገድ ብቻዋን አቋርጣለች። በቀይ መቆም ታውቃለች፤ ግን በጉም ውስጥ ቀዩ ይታያል ወይ?

ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋ ስትደርስ መጀመሪያ ያየችው አንድ የመንገድ ጠራጊ ነው። መጥረጊያውን ተደግፎ ቆሟል፤ ከበሩ ራቅ ብሎ፣ ልጅ እንዳያስደነግጥ ተጠንቅቆ የቆመ ሰው አቋቋም ነበር። እሷን ሲያይ በእጁ ወደ በሩ አመለከታት። ልጅቷ ቦርሳዋ ላይ ተቀምጣለች። ጸጉሯን ራሷ ለማስያዝ ሞክራ አንዱን ጎን ረስታዋለች።

"እማዬ" አለች ሳትነሳ፤ ቅር ብሏታል እንጂ አልፈራችም። "ዛሬ ሁሉም ሰው አርፍዷል። አስተማሪያችንም አርፍዳለች።"

እናቲቱ አቀፈቻት። ልትቆጣት ያዘጋጀችውን ሁሉ ትታ የተረሳውን የጸጉሯን ጎን በጣቷ ሰበሰበችላት።

"ለምን አልቀሰቀስሽኝም?"

"ትናንት ደክሞኛል ስትዪ ሰማሁ። ቀስ ብዬ ነው የወጣሁት።"

ይህ ከቁጣ ሁሉ የባሰ ሆነባት። ጠራጊውን አመሰገነችው፤ እሱም በዚሁ አገር ቋንቋ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገ፣ ልጅቷ ከማያውቁት ሰው ጋር አይወራም ብላ ዝም እንዳሰኘችው ነገራት። አነጋገሩ የእሱም አገር እዚህ እንዳልሆነ ያስታውቃል። ወደ ሥራው ተመለሰና የመጥረጊያው ድምፅ ጉሙ ውስጥ ገባ። እነሱም እጅ ለእጅ ተያይዘው ተመለሱ። ልጅቷ መንገዱን በሙሉ አንድ ነገር ብቻ ትጠይቅ ነበር፤ ያነበብኩት ልክ ነበር ወይ? እናቷም፣ ልክ ነበር፣ አንቺ ልክ አንብበሻል አለቻት። ታዲያ ማን ነው የተሳሳተው ስትላት ግን እናቷ እርምጃዋን አፈጠነች።

ባሏ ከሥራ ሲገባ ልጅቷ ሶፋው ላይ ተኝታለች። እናቲቱ የሆነውን ነገረችው። ቁጭ አለ። ይጮኻል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ፊቱን በሁለት እጁ አሻሸ።

"አውርጂው አልልሽም" አለ በመጨረሻ። "የአባትሽ ነው። ከፈለግሽ ቁም ሳጥን ውስጥ እንስቀለው፤ እሷ በማታይበት።"

"ቁም ሳጥኑንም ትከፍታለች።"

"እንግዲያው አንቺው ወስኚ። እኔ ሰዓቱን እንዲሁ ተወው ስትዪኝ እሺ ያልኩት ስለምትናፍቂ ነው። ዛሬ ግን ልጄ ጨለማ ውስጥ ተቀምጣ አስተማሪ ስትጠብቅ ነው ያገኘሻት።"

ይህን ብሎ ገብቶ ተኛ። እንቅልፍ እንዳልወሰደው ከአተነፋፈሱ ታውቃለች።

የዚያን ቀን ሥራ ቦታ አንሶላው አላልቅ አላት። ማሽኑ ነጩን ጨርቅ ይውጣል፣ ይተፋል፤ እሷ ታጥፋለች። እንፋሎቱ ሲነሳ ጓሮው እንደወትሮው መጣላት። እማማ ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች። ዛሬ ግን በጓሮው ጥግ ልጇ ቦርሳዋ ላይ ተቀምጣ አየቻት፤ ማንም ዞር ብሎ አያያትም። ደነገጠች። የምሳ ዕረፍት ሲሆን ወደ ኋላው ደረጃ ወጣችና ለእናቷ ደወለች። ሰላምታው አለቀ፤ ጤና ተጠያየቁ። የጠዋቱን ነገር ለመናገር አፏን ስትከፍት የወጣው ሌላ ሆነ።

"እማማ፣ አሁን ፀሐይ ላይ ነሽ አይደል? የአባባ ወንበር ላይ?"

"የአባትሽን ወንበር ለተከራዩ ሰጠሁት" አሉ አያትየዋ። "ከሰጠሁት ከርሟል።"

"የምን ተከራይ?"

የጓሮውን ክፍል አከራይተውታል። ተከራዩ ጨዋ አስተማሪ ነው፣ ሲወጣ ሲገባ ማንንም አይረብሽም፤ የጓሮውንም በር ማለዳ ሲወጣ የሚከፍተው እሱ ነው። እሳቸው ያን ጊዜ እንቅልፍ ላይ ናቸው። ከሰዓት በኋላም ቤት አይገኙም፤ ከጎረቤታቸው ጋር ወዲያ ወዲህ ይላሉ። አሁንም መንገድ ላይ ሆነው ነው የሚያወሩት። እናቲቱ ጆሮዋን አጥብቃ ስትሰማ፣ እውነትም የመኪና ጡሩምባ አለ።

"ሁሌ ስደውል ግን ተነሳሁ፣ በሩን ከፈትኩ ትዪኝ ነበር።"

"እኔ የት አልኩሽ? አንቺ ነሽ የምትዪው። አሁን ተነሳሽ አይደል፣ አሁን ጓሮ ነሽ አይደል ትያለሽ፤ እኔም አዎ እላለሁ። እንደዚያ ስታስቢኝ ደስ የሚልሽ መሰለኝ።"

እናቲቱ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች።

"ደግሞ ልንገርሽ፣ ሰዓቱን ስትወስጂው እፎይ ነው ያልኩት" አሉ አያትየዋ፤ ሳቅ ይዟቸዋል። "ዕድሜ ልኬን በዚያ ደወል ስባንን ኖሬ፣ አሁን እንኳ ልተኛ። አባትሽን ነፍሳቸውን ይማርና፣ ፊት ለፊት ልነግራቸው አልቻልኩም ነበር።"

ደረጃው ላይ ተቀምጣ ሳቀች። ስትስቅ ስትስቅ እንባዋ መጣ፤ የትኛው ለየትኛው እንደሆነ ራሷም አልለየችውም። ሁለት ዓመት ሙሉ ስትጠብቀው የኖረችው ጓሮ ውስጥ ሰው አልነበረም። ያልነበረውን ስትጠብቅ ደግሞ ያለችው ልጇ በር ከፍታ ወጣች።

ማታ ባሏ ለሌሊት ሥራው እንቅልፉን እየሞላ ሳለ ወንበር አስጠግታ ሰዓቱ ፊት ቆመች። ልጅቷን ሌላ ወንበር ላይ አቆመቻት። ስልኩን አስያዘቻትና የሰዓቱን መስታወት ከፈተች። ውስጡ የአባቷ ሱቅ ይሸታል፤ ዘይትና አሮጌ እንጨት።

"እዚህኛው ጋ እስኪደርስ ነው?" አለች ልጅቷ ስልኩን እያሳየች። "ሦስት ወደ ኋላ እንመልሰዋ።"

"የሚደውል ሰዓት ወደ ኋላ አይዞርም፤ ሆዱ ውስጥ ያለው ጥርስ ይሰበራል። አያትሽ ደንበኛ ሁሉ ላይ ይጮኹበት የነበረው ነገር ይኼ ነው።"

"ታዲያ?"

"ወደ ፊት ነው የምናዞረው። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ። እያንዳንዱ ላይ ቆመን ደውሎ እስኪጨርስ እንጠብቀዋለን።"

ልጅቷን እጇን ይዛ ረጅሙን ዘንግ አስነካቻት። ዘንጉ ዞሮ አናት ላይ ሲደርስ ሰዓቱ መደወል ጀመረ፤ ጠበቁት። እንደገና አዞሩት። በመጀመሪያዎቹ ደወሎች እናቲቱ ከልማዷ፣ እማማ አሁን ተኛች፣ አሁን እንቅልፍ ወስዷታል እያለች በልቧ ታስብ ነበር። የንጋቱ ደወል ላይ ሲደርሱ፣ አሁን ተነሳች ልትል አለችና ተወችው። ትተኛ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ልጅቷ ናት የቆጠረችው፤ ጮክ ብላ፣ እየሳተች፣ እንደገና እየጀመረች። የግድግዳውና የስልኩ ሰዓት አንድ ላይ ሲሆን እናቲቱ መስታወቱን ዘጋች። ሰዓቱን የሚሞሉበትን ትንሽ ቁልፍ ከአንገቷ አውልቃ ለልጅቷ አጠለቀችላት። ከአሁን በኋላ በየሳምንቱ የምትሞዪው አንቺ ነሽ አለቻት።

በሩ ተከፈተና ባሏ ጸጉሩ ቆሞ ወጣ። ያን ሁሉ ደወል በሕልሙ ይስማው በእውኑ እርግጠኛ አልነበረም፤ ዛሬ ሰዓቱ አብዷል ወይስ እኔ ነኝ አለ። ቀና ብሎ ዘንጉን አየ። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አሰላ።

"ገና ነኝ" ብሎ ወደ አልጋው ሊመለስ ዞረ።

"አባዬ" አለች ልጅቷ ወንበሩ ላይ እንደቆመች፣ ቁልፉን በአንድ እጇ ይዛ። "አትቀንስ።"

ቆመ። ሚስቱን አያት፣ ሰዓቱን አየ። ከዚያ ጫማውን ፍለጋ ጎንበስ አለ።