የሞተ አይታሰርም

«እኛስ በጸሎቱ ነበር የምናውቀው። ለካ ተደብቆ ይጠጣ ኖሯል» አለች አንዷ ለቀስተኛ ድንኳኑ ጥግ። በሹክሹክታ ያወራች መስሏታል። የሟቹ ወንድም ሀይሌ ሰማ። የሟቹ ሚስት አስቴርም ሰማችና ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

ጉድ ነው መቼስ። ሟቹ ኦይታ ዕድሜውን ሙሉ መኪና ሲነዳ አረቄ በአፉ አልዞረም። ጸሎት ቤቱን ቀበሌ ካሸገው ወዲህ ቀበሌውን ፈርቶ ምእመኑን ከደጁ ያልመለሰ የእሱ ቤት ብቻ ነበር። ጠጪውስ መኪናው ላይ ረዳቱ የሆነው ወንድሙ ሀይሌ ነው።

የዚያን ቀን ከጨንቻ ገበያ ሲመለሱ ኦይታን ወባ ያንቀጠቅጠው ነበር። እንዲነዳ ቁልፉን ለሀይሌ ሊሰጥ ሲል የሀይሌ አፍ አረቄ አረቄ ሸተተው።

«ጠጥተሃል እንዴ?»

«አልጠጣሁም፤ አንተ ሙት።»

አመነውና ቁልፉን ሰጥቶት ጋደም አለ። ቁልቁለቱ ላይ መኪናዋ ተገለበጠች። ሀይሌ በጭረት ተረፈ፣ ኦይታ እዚያው አለፈ።

ትራፊክ ፖሊሱ ሐኪም ቤት ሲመጣ እናታቸው ወርቂቱ ሀይሌን ወደ ጥግ ሳበችው። «ጠጥቶ ነድቶ ሰው የገደለ ወህኒ ይበሰብሳል። የሞተ አይታሰርም። አንዱን ቀብሬ አንዱን አላሳስርም» አለችው። ሀይሌም «የነዳው እሱ ነው» አለ። መኪናዋ አረቄ አረቄ ስለሸተተች የቀረውን ሰው ራሱ ሞላበት።

አሁን የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ አቶ ዘካሪያስ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ቆመው፣ «ጸሎት እናደርሳለን። ስለ ሕይወቱ ምስክርነት ግን አይነገርለትም፤ ሰክሮ ነው የሞተው» አሉ።

አስቴር አንገቷን ደፋች። ሀይሌ እሷን ማየት አቃተው፤ በቁሙ አፈረ። ወጥቶ ከግቢው እርጥብ ሣር ነጨና መጥቶ ፊቷ ተንበረከከ። ሣር ይዞ የተንበረከከን ሳይሰሙ ማለፍ በጋሞ ነውር ነው፤ ለቀስተኛው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

«እትዬ አስቴር፣ ማሪኝ።»

ሣሩን አልተቀበለችውም። «ምን አድርገህ?» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ።

«የጠጣሁት እኔ ነኝ። የነዳሁትም እኔ። እሱማ አሞት ጋደም ብሎ ነበር።»

ወርቂቱ ደረቷን ደቃች። አቶ ዘካሪያስ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ለፖሊሱም እንዲሁ ትነግረዋለህ?» አለች አስቴር።

«አሁኑኑ ጨንቻ ፖሊስ ጣቢያ እወጣለሁ።»

ሣሩን ከእጁ ወሰደች። ጓዳ ገብታ ኦይታ ወባው ሲነሳበት ይደርበው የነበረውን የዶርዜ ጋቢ አወጣችና ሀይሌ ትከሻ ላይ ጣል አደረገችለት።

«ጨንቻ ይበርዳል» አለች።