አንድ ቁጥር ከፍ

ተሠርታ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል፣ ጡት እንደ ሐብሐብ ከረመዳን ወዲህ ብቻ እንዲህ አያድግም፣ ፋይዛ አዳራሹ ጥግ ተቀምጣ ጣውንቷን ሂቦን ታያለች፣ አይ አታይም፣ የምታየው ከበሮውን ነው፣ ሙሽራዋን ነው፣ ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለውን ወርቃማ ጨርቅ ነው፣ ከዚያ ዓይኗ በገዛ ፈቃዱ ተመልሶ ሂቦ ደረት ላይ ያርፋል። አስተግፊሩላህ። ግን ይታያል እኮ፣ ድሪያ ሲባል ስስ ቀሚስ ነው፣ ከሥሩ ያለው ጡት ማስያዣ በዶቃ የሚጠለፈው ለዚሁ ነው፣ ደጅ በአባያ ተሸፍና የመጣች ሴት ሁሉ እዚህ ወንድ የማይገባበት አዳራሽ ስትደርስ ትገለጣለች፣ ይህን ከፋይዛ በላይ የሚያውቅ የለም፣ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ካለው የልብስ ስፌት ሱቋ ውስጥ የግማሽ ሀርጌሳን ደረት በሜትር ለክታለች። የሂቦን ግን ለክታ አታውቅም። ሂቦ ሌላ ሰፊ ጋ ትሄዳለች፣ ሞኝ አይደለችም።

ዛሬ የሙሽራዋ የሳጋል ሻሽ ነው። የባሏ የባሬ እህት የናስራ ልጅ ካገባች ሳምንቷ፣ ያገቡ ሴቶች ከበዋት ራሷ ላይ የሐር ሻሽ ያስሩላታል፣ ከእንግዲህ ከእኛ ነሽ ለማለት፣ ሁለቱም የባሬ ሚስቶች አብረው ሻሹን ይሰሩላት ያለችው ናስራ ናት፣ የወንድሟ ቤት ሰላም መሆኑ ይታይ ብላ፣ ፋይዛም እሺ አለች፣ ምን ትበል፣ ማሽላ እያረረ ይስቃል። አንዱን የሻሹን ጫፍ እሷ ያዘች፣ ሌላውን ሂቦ፣ ሂቦ ጎንበስ ስትል ድሪያዋ ወደ ፊት ወረደና ፋይዛ ሁሉን አየች። ሁሉን። የማስያዣው ጠርዝ ሥጋዋ ውስጥ ገብቶ ቀይ መስመር ሠርቷል፣ ጠቧታል፣ ሁለት ቁጥር ከፍ ማለት አለባት፣ የሰፊ ዓይን አይሳሳትም።

ሁለት ቁጥር። እኔ አንድ ልጨምር ብዬ ስንት ወር ሐኪም ስለምን ከረምኩ።

ስልኳ እጇ ላይ ቢሆን አሁኑኑ ትጽፍ ነበር፣ ግን ስልክ በር ላይ ይሰበሰባል፣ የተገለጡ ሴቶች ፎቶ ወደ ውጭ እንዳይወጣ፣ ናስራ በላስቲክ ጠቅልላ ይዛዋለች፣ እዚያ ላስቲክ ውስጥ የኢስታንቡሉ ሐኪም መልስ እየጠበቀ ነው። ቀኑን ልያዝልሽ ወይስ ለሌላ ሰው ልስጠው፣ እስከ ምሽት አሳውቂኝ። ከዚያ በላይ ደግሞ ፋይዛ ያላነበበች መስላ የምታልፈው አንቀጽ አለ፣ እኔን ከጠየቅሽኝ ባይነካ ይሻላል፣ ያለሽ መጠን ለሰውነትሽ ልክ ነው፣ ትልቅ ለማስገባት የድሮው ስፌት እንደገና ይከፈታል፣ በሲሊኮኑ ዙሪያ የበቀለው ጠባሳ ይነሳል፣ ቆዳሽ ስስ ነው፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል፣ ውሳኔው ግን የአንቺ ነው። የእኔ ነው፣ አዎ፣ የማን ሊሆን ኖሯል። ይክፈተው። ስፌት ምን ያስፈራኛል፣ ስፈታና ስሰፋ አይደል የኖርኩት።

መጀመሪያውን ጊዜ ባሬ አብሯት ነበር። ሁለት ልጅ አጥብታ የተራገፈ ደረቷን መስታወት ፊት በእጇ ደግፋ ስትይዝ አይቷት፣ ለእኔ ብለሽ ከሆነ ይቅር አላት፣ ለራሴ ነው አለችው፣ ዋሸች። ዘመድ ሁሉ የሐሞት ጠጠር ልታስወጣ የሄደች ነው የሚመስለው፣ ያንን ያወራው ራሱ ባሬ ነው፣ ናስራ ሾርባ ይዛ መጥታ ሆዷን አሽታላታለች፣ ፋይዛ ጡቷ እየነደደ ሆዷን ታሳሽ ነበር። ከማደንዘዣው ስትነቃ፣ ባሬ መተላለፊያው ወንበር ላይ ነጠላ ጫማዋን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ነበር አለች ነርሷ፣ አስቀምጠው ቢሉት አሻፈረኝ ብሎ። ያ ሰው ነው ብዙም ሳይቆይ ሂቦን ያገባው። ሂቦ ያኔ ምን ነበራት፣ ሳንቃ ነበረች! ፋይዛን ያንገበገባት ይኸው ነው፣ ለደረት ቢሆን ኖሮ ደረቱ እቤቱ ነበር፣ ታዲያ ለምን፣ ለሣቋ ነው፣ ለዕድሜዋ ነው፣ ለምኗ ነው።

ሂቦ አማርኛም ትችላለች። ድሬዳዋ ተገናኝተው ፋይዛን ሀርጌሳ ሲያመጣት አማርኛ የሁለታቸው ብቻ ነበር፣ እናቱ ፊት የሚያሾፉበት፣ በሩ ሲዘጋ የሚያወሩበት፣ ከዚያ ሰውዬው ሶማልኛ ብቻ የምታውቅ ሴት በሞላበት ከተማ መርጦ መርጦ የጅግጅጋ ልጅ አመጣ፣ ሀዋሳ የተማረች፣ አማርኛዋ ከፋይዛ የጠራ። አሁን ደግሞ ደረት። ወስዷታል ማለት ነው፣ ምናልባት ያው ሐኪም ጋ፣ ያው መተላለፊያ፣ ያው ወንበር፣ የእሷንስ ጫማ ጭኑ ላይ አድርጎ ይሆን፣ ይህን ነው መጠየቅ ያለብኝ፣ ሌላው ሁሉ ይቅር፣ ጫማዋን ይዞላታል ወይ።

መጣች። ወደ ውሃው ነው፣ አይ ወደ እኔ ነው። ሂቦ አጠገቧ ትቀመጣለች፣ ትከሻ ለትከሻ፣ ከበሮው ይደለቃል፣ አንዲት ወይዘሮ መሃል ገብታ ሙሽራዋን በግጥም ታወድሳለች፣ ሴቶቹ ያጨበጭባሉ። አባዮ፣ እህቴ፣ ትላታለች፣ በአማርኛ ላውራሽ፣ እነሱ እንዳይሰሙ። እሺ በይ፣ ትላለች ፋይዛ፣ ጥያቄዋን ምላሷ ጫፍ ላይ አድርጋ፣ ማን ሠራሽ፣ ሂቦ ግን ትቀድማታለች። አርግዣለሁ። ባሬና እናቴ ብቻ ናቸው የሚያውቁት፣ ዓይን ፈርቼ ዝም አልኩ፣ አንቺ ግን ከሰው አፍ እንዳትሰሚው።

ማሻአላህ። ቃሉን አፍ ራሱ ያወጣዋል፣ ልብ አያስፈልገውም። እርግዝና። የሰፊ ዓይን አይሳሳትም አልሽ፣ ሁለት የወለድሽ ሴት፣ ያ ቀይ መስመር በመጀመሪያ ልጅሽ ጊዜ አንቺም ላይ ወጥቶ አልነበር፣ እናትሽ ማስያዣውን ከጀርባ በመቀስ ቀዳ፣ አስፊው እንጂ ምን ታፍኚዋለሽ ብላ አልሣቀችም፣ ያኔ በነጻ ተሰጥቶሽ አፍረሽ ጎብጠሽ ሄድሽ። ቢላዋ የለ፣ አውሮፕላን የለ። ቅናቷ ግን አልወጣላትም፣ ቦታ ቀየረ እንጂ፣ ከሂቦ ደረት ወደ ሆዷ ወረደ። ልጅ ደግሞ ሐኪም አይሸጥም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ እንዳትቆጪኝ፣ ትላለች ሂቦ፣ ድምፅዋ ይቀንሳል፣ አንቺ ሁለት አጥብተሽ እንዴት እንዲህ ቆየሽ? የኔ እናት በእኔ ብቻ አለቀላት፣ የኔም ይወድቃል ብዬ እንቅልፍ አጣሁ፣ ከዚያ ሦስተኛ ሚስት ያመጣብናል። ያመጣብናል አለች። እኔንም ጨምራ። ባሬን ጠየቅሁት፣ ትላለች ሂቦ።

የፋይዛ እጅ ድሪያዋ ላይ ይቆማል። ምን አለሽ?

ከአላህ ነው አለኝ። እንዲያ ሆና ነው የተፈጠረችው፣ ሁለተኛ ስለ ፋይዛ አትጠይቂኝ ብሎ ተቆጣኝ።

ከበሮው፣ ጭብጨባው፣ የሽቶው ጠርሙስ ከራስ በላይ እየተረጨ፣ ፋይዛ ምንም አትሰማም። አልነገራትም። አዲስ ሚስት አጠገብ ተኝቶ፣ በዚያው አማርኛ፣ ወንድ የናቱን ምሥጢር እንኳ በሚዘከዝክበት ሰዓት፣ አልነገራትም። ጫማው አሁንም ጭኑ ላይ ነው። ደስ አላት፣ ክፉ ደስታ፣ ሊያስለቅሳት የደረሰ ደስታ፣ ከዚያ ልጅቱን ታያለች፣ ከንፈሯ ደርቋል፣ እውነት እንቅልፍ አጥታለች። ንገሪያት። ኢስታንቡል ነው በያት፣ ሁሉም ሴት ይወድቅበታል በያት፣ ካልነገርሻት ነገ እሷም መስታወት ፊት በእጇ ደግፋ ትቆማለች፣ እንዳንቺው፣ ይህ ጭካኔ ነው። ነው። ግን ሌላውን ሁሉ ተካፍላኛለች፣ ሌሊቱን፣ ቋንቋውን፣ የሻሹን ጫፍ ሳይቀር፣ ይቺ አንዷ ብቻ ቀርታኛለች፣ ይቺን አልሰጥም። ዝም አይነቅዝም።

ማስያዣሽ ጠቦሻል፣ ትላታለች፣ ነገ ሱቅ ነይና ልለካሽ፣ ስታጠቢም ሁለቱንም እኩል አጥቢ፣ ወተት አይጠራቀምበት። ሂቦ ዓይኗን ታፈጣለች። ይኸው ብቻ ነው? ሌላው ከአላህ ነው፣ ትላለች ፋይዛ።

ማምሻውን የመግሪብ አዛን ሲባል ናስራ ስልኩን ከላስቲኩ አውጥታ ትሰጣታለች፣ ፋይዛ አባያዋን ደርባ በሩ ላይ ቆማ የሐኪሙን መልእክት ትከፍታለች። ነገ ሂቦ ልትለካ ትመጣለች፣ ነገ ብቻም አይደለም፣ ሆዷ በገፋ ቁጥር ትመጣለች፣ በመጣች ቁጥር የፋይዛን ደረት ታያለች፣ አላህ የሰጠው ደግሞ በዚህ ዕድሜ አንድ ቁጥር ከፍ ሲል የት ታይቶ ያውቃል። ቀኑን ለሌላ ሰው ስጠው፣ ብላ ትጽፋለች። ወዲያው ይመልስላታል፣ ጥሩ ውሳኔ ነው፣ ጤናሽን መረጥሽ። ጤናዬን። ይምሰለው።

ባሬ መኪናውን አስነስቶ ይጠብቃል፣ ፋይዛን ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ካለው ቤቷ አድርሶ ወደ ሂቦ ሊሄድ ነው፣ ተራው የሂቦ ነው። ሂቦ ከፊት ገባች፣ ያቅለሸልሻታል፣ ፋይዛ ከኋላ፣ ይሁን። ሲያወሩ አየናቸው አሉኝ ሴቶቹ፣ ይላል ባሬ መሪውን እያዞረ፣ ምን ተባባላችሁ?

ስለ ሐሞት ጠጠሬ፣ ትላለች ፋይዛ።

ባሬ በመስታወቱ ያያታል። እንዲህ ካያት ብዙ ጊዜ ሆኖታል። የምን ሐሞት፣ ትላለች ሂቦ፣ አንዱን አይታ ወደ ሌላዋ ዞራ።